የሺህ ዶላር ስልክ እና የገዢው ትዕግሥት

ይህ በአንድ የምሽት ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። እዚህም እዚያም ከማሳጠሬ በቀር እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! ከሥራ ወጥታችሁ፣ ድካማችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። አዘጋጆቹንም አመሰግናለሁ፤ ስለማውቀው ነገር እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ።

የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም። ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ብዙ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ስልክ ስፈታና ስገጥም ነው። ሰው ስልኩን ሲያስጠግን ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስንት እንደገዛው፣ ለምን እንደገዛው፣ አሁን ምን እንዳሰበ ያጫውታችኋል። ዛሬ የምነግራችሁ አንዱ ክፍል ከዚያ ጨዋታ የተለቀመ ነው።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ ከያዛችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? እጅ አውጡልኝ። ዓመት ያልሞላው? ጥቂት ናችሁ። ሁለት ዓመት? እሺ። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ? አያችሁ! አብዛኛው እጅ አሁን ነው የወጣው። ይህን እጅ አትርሱት፤ የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ እጅ ነው።

ሦስት ነገር ላንሳ። አንደኛ፣ ፍላግሺፕ የሚባሉት ቁንጮ ስልኮች ዋጋ እንዴት እዚህ ደረሰ? ሁለተኛ፣ ለምን? ሦስተኛ፣ ገዢው ምን መልስ ሰጠ? ሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ስለ ዋጋ ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ሻጩ ነው። ገዢው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚነግረን ሰው የለም።

ወደ አንደኛው ልግባ። የምጠራው ዋጋ ሁሉ ስልኮቹ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጡ የተለጠፈባቸው፣ ግብር ያልተጨመረበት ዋጋ ነው። ዓመታቱም በፈረንጆቹ ናቸው።

በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣ ባለ 4 ጊጋባይቱ 499፣ ባለ 8ቱ 599 ዶላር ነበር። በዚያ ላይ የሁለት ዓመት የኔትወርክ ውል መፈረም ግዴታ ነበር። ሁለት ወር አለፍ እንዳለ ባለ 8ቱ ወደ 399 ወረደ። ቀድመው የገዙት ሰዎች ምን አሉ? ተቆጡ። በጣም ተቆጡ። የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በግልጽ ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀድመው ለገዙትም በመደብሩ የሚገዙበት የ100 ዶላር ክሬዲት ሰጠ። ይህን ታሪክ ያዙልኝ። ገዢ ድምፁን ሲያሰማ ድርጅት እንደሚሰማ ገና በመጀመሪያው ዓመት ታይቷል።

በ2008 አይፎን 3ጂ መጣ። ዋጋው 199 ዶላር። ሰው ተደሰተ። ግን ስልኩ በእርግጥ 199 ዶላር ነው? አይደለም። ቀሪውን የቴሌኮም ድርጅቱ ለአምራቹ ይከፍላል፤ ከዚያ በየወሩ ሂሳብ ውስጥ ቀስ እያለ ከደንበኛው ይለቅመዋል። ያለ ውል እንግዛ ሲባል እውነቱ ይወጣል። በ2012 አይፎን 5 ያለ ውል 649 ዶላር ነበር። ከዚያ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ቲ-ሞባይል የሚባለው የቴሌኮም ድርጅት ይህንን የውል አሠራር አስቀረ። ሌሎቹም እየቆዩ ተከተሉት። ሰው የስልኩን ሙሉ ዋጋ ያየው ያኔ ነው።

ዋጋው ገሃድ ከወጣ በኋላ ይወርዳል ብለን ስንጠብቅ ጨመረ። በ2017 አይፎን ኤክስ በ999 ዶላር መጣ። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 8ን ከ900 ዶላር በላይ አወጣ። በ2018 አይፎን ኤክስኤስ ማክስ ከ1,099 ተነስቶ ትልቁ ስቶሬጅ ያለው 1,449 ደረሰ። በ2019 የሚታጠፈው ጋላክሲ ፎልድ 1,980 ዶላር። በ2020 ጋላክሲ ኤስ20 አልትራ 1,400። በ2025 ደግሞ ባለ 2 ቴራባይቱ አይፎን 17 ፕሮ ማክስ 1,999። ሁለት ሺህ ዶላር! ለስልክ!

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። የ2007ቱ 599 ዶላር በአሜሪካ የዋጋ ንረት ሲሰላ ዛሬ 900 ዶላር ገደማ ይሆናል። የ2025ቱ መደበኛ አይፎን 17 ደግሞ 799 ነው። መደበኛው ሞዴል ያን ያህል አልተወደደም ማለት ነው። የተወደደው ከላይ ያለው ነው። ከመደበኛው በላይ ፕሮ ተጨመረ፣ ከፕሮ በላይ ማክስ፣ አልትራ፣ ታጣፊ። ከዚያ ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ላይኛው ሆነ። ሰው በእጁ ያለው ጥሩ ስልክ የጎደለው መስሎ እንዲታየው ተደረገ።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ አይፎን 16 በወጣበት ሰሞን "ጋሼ፣ አብረን እንምረጥ" አለችኝ። ኮምፒውተሩን ከፍተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሚያስፈልጋትን አስቀድማ ወረቀት ላይ ጽፋለች፦ ጥሩ ፎቶ፣ ቪዲዮ ኮል፣ የሚቆይ ባትሪ። ጎበዝ ልጅ ናት። መደበኛው 799 ዶላር ነው። "ይኸው ይበቃኛል" አለች። ከጎኑ ፕላሱ አለ፣ 899። ስክሪኑ ሰፋ ያለ ነው፣ ባትሪውም ይቆያል። "መቶ ዶላር ብቻ እኮ ነው" አለች። እሺ። ከፕላሱ ጎን ፕሮው አለ፣ 999። ከሩቅ የሚያቀርብ ካሜራ ተጨመረ። "እዚህ ከደረስኩ በመቶ ዶላር ለምን ይቅርብኝ?" አለች። ከፕሮው ቀጥሎ ፕሮ ማክስ፣ 1,199። አይጧ እዚያ ላይ ቆመ።

ልብ በሉ። ማንም አላታለላትም። ማንም አልዋሻትም። ዋጋዎቹ የተደረደሩት አንዱ ወደ ሌላው እንዲገፋ ሆነው ነው። ከ799 ተነስታ "ትንሽ ልጨምር፣ ትንሽ ልጨምር" እያለች 400 ዶላር ሄደች። እኔ ወረቀቷን አንስቼ ስክሪኑ ጎን አስቀመጥኩት። "የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበች። ዝም አለች። ከዚያ አይጧን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ይህኛው ቶሎ አይታይም። በ2023 አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ሲወጣ መነሻው ከ1,099 ወደ 1,199 ከፍ አለ። ዋጋ ጨመሩ? "አልጨመርንም" ማለት ይችላሉ። ባለ 256 ጊጋባይቱ ባለፈውም ዓመት 1,199 ነበር። የተደረገው ባለ 128ቱን ማስቀረት ነው። በ2025 ፕሮው ላይም ይኸው ተደረገ፤ መነሻው ከ999 ወደ 1,099 ሄደ። 128 ጊጋ ለሚበቃው ሰው ግን ያው ጭማሪ ነው። የማይፈልገውን ስቶሬጅ ካልገዛ ስልኩን መግዛት አይችልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ፣ በአጭሩ። ለምን ተወደደ?

አንዱ ምክንያት እውነተኛ ወጪ ነው፤ ይህንን መካድ አይገባም። እኔ የውስጡን አያለሁ። የዱሮ ስልክ ስፈታ አንድ ካሜራ፣ አንድ ተራ ኤልሲዲ ስክሪን አገኛለሁ። የዛሬው ቁንጮ ስልክ ውስጥ ከኋላ ሦስት አራት ካሜራ፣ ኦሌድ የሚባለው የተሻለ ስክሪን፣ የ5ጂ ሞደም አለ። ቺፑ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። እንዲህ ዓይነት ቺፖችን በአብዛኛው የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። ለሥራው የግድ የሚያስፈልገውን ማሽን የሚሠራ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ድርጅት ብቻ ነው፣ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል። አንዱ ማሽን ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ያ ወጪ ዞሮ ዞሮ ስልኩ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ገበያው መጥገቡ ነው። በ2016 ገደማ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ስማርት ስልክ ይሸጥ ነበር። በ2023 ከ1.2 ቢሊዮን በታች ወረደ። ብዛቱ ካላደገ ድርጅቱ ገቢውን እንዴት ያሳድጋል? ከእያንዳንዱ ገዢ የበለጠ በመቀበል ነዋ! አፕል በ2018 መጨረሻ ላይ ስንት ስልክ እንደሸጠ በየሩብ ዓመቱ መናገሩን እንደሚያቆም ያስታወቀው በዚሁ ሰሞን ነው። ትኩረቱ ከብዛት ወደ ብር ዞረ።

"ታዲያ ርካሽ ተፎካካሪ የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። ነበር። በ2014 ዋንፕላስ የመጀመሪያ ስልኩን በ299 ዶላር ሲያወጣ "የፍላግሺፕ ገዳይ" ተባለለት። ቺፑ ያኔ ከነበሩት ምርጦች አንዱ ነበር። በ2020 የዚያው ድርጅት ዋንፕላስ 8 ፕሮ 899 ዶላር ገባ። ሊገድል የመጣው ራሱ ፍላግሺፕ ሆነ። ስለዚህ "ሌላ ድርጅት መጥቶ ያድነናል" ብላችሁ አትጠብቁ።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ዋናው። ገዢው ምን አደረገ?

መጀመሪያ ያደረገው፣ ቅድም እጃችሁን ያወጣችሁበት ነው። ስልኩን ያዘው። አቆየው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላችኋል? አይደለም። እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በ2017 መጨረሻ ላይ አንድ ተጠቃሚ የተንቀራፈፈ አይፎኑን ባትሪ ሲቀይርለት ፍጥነቱ እንደተመለሰ አሳየ። ነገሩ ተሰራጨ። አፕልም አመነ፦ ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን እንቀንሳለን አለ። ሰው ተቆጣ። ስንቱ "ስልኬ አርጅቷል" ብሎ አዲስ ገዝቷል! አፕል ይቅርታ ጠይቆ፣ 79 ዶላር የነበረውን የባትሪ ቅያሪ ለ2018 ዓመት ወደ 29 ዶላር አወረደው።

ከዚያስ? በጃንዋሪ 2 ቀን 2019 የአፕሉ ኃላፊ ቲም ኩክ ለባለሀብቶች ደብዳቤ ጻፈ። የሩብ ዓመቱ ገቢ ከ89 እስከ 93 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ያልነው ወደ 84 ቢሊዮን ይወርዳል አለ። ዋናው ምክንያት የቻይና ገበያ መቀዝቀዝ ነው አለ። ከሌሎቹ ምክንያቶች መካከል ግን ሁለቱን ስሙልኝ። አንዱ የቴሌኮም ድርጅቶች ድጎማ መቀነሱ ነው። ሌላው፣ አንዳንድ ደንበኞች በቅናሹ ባትሪ ቀይረው አዲስ ስልክ አለመግዛታቸው ነው። በማግስቱ የአፕል አክሲዮን 10 በመቶ ገደማ ወረደ።

ይህ ምን ማለት ነው? የ29 ዶላር ባትሪ የቀየረ ሰው ሰልፍ አልወጣም። ፊርማ አላሰባሰበም። ባትሪ ቀየረ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ሰው ግን በዓለም ላይ ካሉ ትልልቅ ድርጅቶች የአንዱ የባለሀብቶች ደብዳቤ ውስጥ ገባ!

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አይፎን 11 በ699 ዶላር ወጣ። ከእርሱ በፊት የነበረው አይፎን ኤክስአር 749 ነበር። 50 ዶላር ወረደ። በ2020 ጋላክሲ ኤስ20 በ1,000 ዶላር ወጣ፤ ሽያጩ አልሆነም። ወረርሽኙም አለ፣ ዋጋውም አለ። በ2021 ኤስ21 በ800 መጣ። 200 ዶላር ወረደ። በእርግጥ በነጻ አልወረደም። የኋላ መስታወቱ ፕላስቲክ ሆነ፣ የስክሪኑ ጥራት ቀነሰ፣ የሜሞሪ ካርዱ ቦታ ቀረ፣ ቻርጀሩም ከካርቶኑ ወጣ። ቢሆንም ዋጋ የማይወርድ ነገር አይደለም። ይወርዳል። ገዢው ሲታገሥ ይወርዳል።

ባትሪ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሥራዬ ነው፣ ደግሞም የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። የስልክ ባትሪ ሊትየም-አዮን ነው። በሞላና ባለቀ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሞታል። ለብዙ ዓመት የተለመደው ልክ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከሞላና ካለቀ በኋላ 80 በመቶ አቅሙ ይቀረዋል የሚል ነበር። በየቀኑ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው 500 ጊዜውን በስንት ጊዜ ይጨርሳል? ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ሁለት ዓመት ላይ "ስልኬ አለቀ" የምንለው ለዚህ ነው። ያለቀው ባትሪው ነው። የመኪና ጎማ ሲያልቅ መኪናውን የሚጥል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ወጣት አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ የሚገዛኝ ሰው ፈልግልኝ፤ እንደ መለዋወጫም ቢሆን" አለኝ። አየሁት። ስክሪኑ በአንድ ጎን ከፍሬሙ ትንሽ ተነስቷል። ጥፍር የሚገባበት ክፍተት አለ። ይህንን ያያችሁ ካላችሁ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ቶሎ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ስክሪኑን አሞቅኩት፣ በቀጭኑ መክፈቻ ዙሪያውን አላቀቅኩት። ባትሪው ትራስ ሆኗል። ከስሩ ያለውን ማጣበቂያ ቀስ አድርጌ ሳብኩ፣ አወጣሁት፣ አዲሱን አስገባሁ። ቦርዱ ንጹሕ ነው። ውኃ አልነካውም። ካሜራው ደህና ነው። ገጥሜ አበራሁለት። ልጁ ተቀብሎ ነካካው፣ ካሜራ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጌም ከፈተ። "እንዲህ ነበር እንዴ የሚሠራው?" አለኝ። ሳይሸጠው ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሁሌም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የገዢ መልስ አንድ እርከን መውረድ ነው። ዘንድሮ የወጣውን ትቶ የአምናውን ቁንጮ መግዛት። ወይም ያገለገለና በባለሙያ የታደሰ መግዛት። ወይም መካከለኛ ሞዴል መያዝ። በ2020 የወጣው አይፎን ኤስኢ 399 ዶላር ነበር፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ግን የአይፎን 11ዱ ኤ13 ነው። አንድ ዓይነት ቺፕ! ስክሪኑና ካሜራው ይለያያል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ግን እባካችሁ አትቸኩሉ። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውላችሁ የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ሻጩ የራሱን አካውንት ከስልኩ ላይ ፊታችሁ ያውጣ። "በኋላ እልክልሃለሁ" ካለ አትግዙ። የባለቤቱ አካውንት ያልወጣለት ስልክ እኔም ልከፍተው አልችልም፤ ያለ ባለቤቱ እንዲከፈትም አልተሠራም። የባትሪውን ጤንነት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ደውሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ድምፅ ቅዱ። ገንዘባችሁ እኮ ነው።

ሦስተኛው መልስ በወር በወር መክፈል ነው። እዚህ ላይ ስሜቴ ይነካል፤ አልደብቃችሁም።

ክፍያ መከፋፈል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አንድ ሺህ ዶላር በአንዴ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። ግን በ24 ወር የነበረው ውል አሜሪካ ውስጥ ወደ 36 ወር ረዘመ። ሲረዝም የወሩ ክፍያ ትንሽ ይመስላል። 1,200 ዶላር በ24 ወር 50 ዶላር ነው። በ36 ወር 33 ዶላር ከምናምን። ሰው "33 ዶላር" ሲሰማ 1,200ውን ይረሳዋል። ቅድም ያልኳችሁ የ199 ዶላሩ አይፎን ዘመን በሌላ በር ተመለሰ። ዋጋው ተሸፈነ። የተሸፈነ ዋጋ ደግሞ አይወርድም፤ የሚያየው የለማ!

አንዲት እናት ስክሪኑ ክፉኛ የተሰበረ ስልክ ይዘው መጡ። ልጃቸው በክፍያ የወሰደው ነው። ስንት እንደሚያስወጣ ነገርኳቸው። የቁንጮ ስልክ ስክሪን ቀላል አይደለም፤ አይፎን ኤክስ ሲወጣ እንኳ አምራቹ ራሱ ለስክሪን ቅያሪ 279 ዶላር ይጠይቅ ነበር። እናቲቱ ዋጋውን ሰምተው ስልኩን አገላበጡት። "ልጄ፣ ገና የክፍያው ግማሽ አላለቀም እኮ" አሉኝ። "እማማ፣ መድን ገብቶለት ነበር?" አልኳቸው። አልገባለትም። እንግዲህ የተሰበረ ስልክ በየወሩ ሊከፈልለት ነው። እኔ ምን ልበላቸው? ለዚያ ልጅ አንድ ሰው ቀድሞ "36 ወር የምትከፍልበትን ዕቃ 36 ወር ትይዘዋለህ ወይ?" ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ምናለ? ክፍያ የምትፈርሙ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ጠቅላላውን ድምር አጽፉ። በወር ስንት ብላችሁ አትጠይቁ፤ በጠቅላላ ስንት ብላችሁ ጠይቁ። ካለቀ በኋላም ስንት ዓመት እንደምትይዙት አስቡ።

ይህ ወደ አንድ ሒሳብ ያመጣኛል፤ ስልክ ልግዛ የሚለኝን ሰው ሁሉ የማሠራው ሒሳብ ነው። ዋጋውን ለዓመት አካፍሉት። 1,200 ዶላር ስልክ ሁለት ዓመት ከያዛችሁ በዓመት 600 ነው። ስድስት ዓመት ከያዛችሁና መሃል ላይ በ100 ዶላር ባትሪ ከቀየራችሁ በዓመት 217 ገደማ ነው። አሁን ደግሞ 500 ዶላር ስልክ አስቡ። ሁለት ዓመት ብትይዙት በዓመት 250። አያችሁ? በቶሎ የሚቀየር ርካሽ ስልክ ብዙ ከሚቆይ ውድ ስልክ በወጪ በለጠ! ያንኑ የ500 ዶላር ስልክ አምስት ዓመት ብትይዙት ደግሞ በዓመት 100 ብቻ ነው። ስለዚህ "ውድ ስልክ የገዛ ሰው ሞኝ ነው" አልልም። ካሜራው የሚያስፈልገው አለ፤ በስልኩ የሚሠራ፣ በስልኩ የሚያድር ሰው አለ። ይግዛ። ግን ይያዘው።

"ብንይዘውስ፣ ሶፍትዌሩ ይቋረጥብን የለም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዱሮ አዎ። ብዙ የአንድሮይድ ስልክ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ነበር አዲስ ሥሪት የሚያገኘው። አሁን ተለውጧል። ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 መጀመሪያ ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገቡ። ሰባት ዓመት! ለምን ይመስላችኋል? ገዢው ስልኩን እንደሚያቆይ ስላዩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው "ስንት ዓመት ይቆይልኛል?" ብሎ መጠየቅ ሲጀምር እነርሱም መመለስ ጀመሩ። ስለዚህ ስትገዙ ይህንን ጠይቁ። ስለ ካሜራው ሜጋፒክስል ከመጠየቃችሁ በፊት ማሻሻያው እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጠይቁ።

ሕግም እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2025 ጀምሮ ገበያው ላይ ለሚወጡ ስልኮች አዲስ ደንብ አለው። ባትሪው 800 ጊዜ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙ ሊቀረው ይገባል። መለዋወጫም ስልኩ መሸጥ ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት መገኘት አለበት። ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ደግሞ፣ አንዳንድ ለየት ያሉ ሁኔታዎች ቢፈቀዱም፣ ተጠቃሚው ራሱ በቀላሉ የሚያወጣው ባትሪ ሊኖር ነው። አምራቾች ለአንድ ገበያ ብለው የቀየሩትን ነገር ብዙ ጊዜ ለሁሉም ያደርጉታል። እኔ እንደ ጠጋኝ ሥራዬ ሊቀንስ ይችላል። ይቀንስ! ሰው ባትሪውን ራሱ ቀይሮ ስልኩን ቢያቆይ እኔ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

ከመጨረሴ በፊት ስለሚመጣው አንድ ነገር ልበል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሜሞሪ ቺፕ ዋጋ በጣም ጨምሯል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ሜሞሪውን እየወሰዱት ነው። ሜሞሪ የሚያመርቱት ትልልቆቹ ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን። ማምረቻቸውን ወደሚበልጠው ገንዘብ አዞሩት። ያለ ሜሞሪ የሚሠራ ስልክ ደግሞ የለም። በተለይ ርካሽና መካከለኛ ስልኮች ላይ ይከብዳል፤ እዚያ ያለው የትርፍ ህዳግ ቀጭን ነው። ስለዚህ ኪሳችሁ ያለው ስልክ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን አስመርምሩ፣ ስክሪኑን በጥሩ ከቨር ጠብቁ፣ የሞሉ ፎቶዎችና ቪዲዮዎችን ወደ ሌላ ቦታ አውጡና ስቶሬጁን አሳርፉት። ስቶሬጁ ጢም ብሎ የሞላ ስልክ ይንቀራፈፋል፤ ብዙ ሰው ይህን እርጅና ይመስለዋል።

እኔ የያዝኩት ይህ ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ከጥያቄው በኋላ ወደ እኔ ኑ፤ የባትሪያችሁን ጤንነት አብረን እናያለን፣ መቀየር ያለበትንና የሌለበትን እነግራችኋለሁ። በነጻ ነው። አሁን ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ፣ እዚያ እጃቸውን ያወጡ እህት አሉ። አዎ፣ እርስዎ፣ ይቀጥሉ።